ጥፋት የታየበትና ጥፋት የተወለደበት

ሰው የሚሠራበት ነገር በተበላሸ ጊዜ አስቀድሞ ከአፉ የሚወጣው ቃል «ማን አበላሸው?» የሚል ነው። «መቼ ተበላሸ?» ብሎ የሚጀምር ግን ጥቂት ነው። ኹለቱ ጥያቄዎች ዘመዳሞች ይመስላሉ፤ ነገር ግን መንገዳቸው ልዩ ልዩ ነው። የፊተኛው ጥያቄ ሰውን ይፈልጋል፤ ሰውንም በፈለገ ጊዜ ቂምና ወዳጅነት፣ ጥርጥርና አሉባልታ ዐብረውት ይገባሉ። የኋለኛው ጥያቄ ጊዜን ይፈልጋል፤ ጊዜም ዘመድ የለውም፤ ጠላትም የለውም፤ ስለዚህ ለጠየቀው ኹሉ እኩል ይመልሳል። በቀድሞ ዘመን በሌባሻይ የሚያምን ሕዝብ፣ መድኀኒት የጠጣው ልጅ ተንገዳግዶ በወደቀበት ደጅ ላይ ዕዳውን ይጭን ነበር። ነገር ግን ልጁ የወደቀበት ቤት ሌባው ያለበት ቤት መኾኑ በምን ይታወቃል? ይህን ሳይጠይቅ የፈረደ ዳኛ ስንቱን ንጹሕ ሰው አስከፍሎ ይኾን?

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። በዚህ ዘመን ግን ካልታሰበ ስፍራ፣ ይኸውም ከኮምፒዩተር ሠሪዎች የሥራ ቤት፣ ብዙ የሚያስተምር ምሳሌ ተገኝቶለታል። እነዚህ ሰዎች የተሰወረን ጥፋት መጀመሪያ ለማግኘት እጅግ የተጣራ ዘዴ አላቸው። ዘዴያቸው የተጣራ ስለ ኾነም ዘዴ የሚደርስበትና የማይደርስበት ድንበር በእርሱ ላይ በግልጥ ይታያል። ምሳሌውን ለመረዳት አስቀድሞ ሥራቸውን መረዳት ያስፈልጋል።

በየኮምፒዩተሩ ውስጥ፣ ተጠቃሚው በዐይኑ የማያየው፣ ነገር ግን ያለ እርሱ ምንም የማይንቀሳቀስ አንድ ፕሮግራም አለ፤ ስሙም ከርነል ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ቋንቋ የፍሬ ውስጠኛ አስኳል ማለት ነው። ሥራው እንደ ትልቅ ቤት መጋቢ ነው። ሌሎቹ ፕሮግራሞች ኹሉ ከዲስክ ማንበብ ቢሹ፣ የማስታወሻ ድርሻ ቢፈልጉ፣ ከመረብ መልእክት ቢጠብቁ እርሱን ሳይጠይቁ አይችሉም። ከእነዚህ ከርነሎች አንዱ ሊኑክስ ነው። እርሱንም ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል ሰው በፊንላንድ አገር፣ በሄልሲንኪ ከተማ ተማሪ ሳለ፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1991 ዓመት ጀመረው፤ ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመቶችም ኹሉ በዚያው አቈጣጠር ናቸው። ዛሬ አንድሮይድ በሚባሉት የእጅ ስልኮች ውስጥ ያለው ከርነል ይኸው ነው። በ2017 ዓመት በኖቬምበር ወር በወጣው ዝርዝር ደግሞ ከዓለም ኀያላን ከተባሉት 500 ኮምፒዩተሮች አንድም ሳይቀር ኹሉም በእርሱ የሚሠሩ ኾነው ተገኝተዋል።

ይህን ከርነል የሚጽፈው አንድ ሰው አይደለም። በልዩ ልዩ አገርና በልዩ ልዩ ድርጅት ያሉ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ጥቂት ጥቂት መስመር እየጻፉ ይልካሉ፤ በየክፍሉ ያሉት ጠባቂዎችም መርምረው ይቀበላሉ ወይም ይመልሳሉ፤ በዘጠኝ ወይም በዐሥር ሳምንትም ዐዲስ እትም ይወጣል። በአንድ እትምና በሚቀጥለው መካከል የሚገባው ለውጥ ብዙ ጊዜ ከ10,000 ይበልጣል። እያንዳንዱም ለውጥ ለመልካም ተብሎ የተጻፈ ነው፤ ላበላሽ ብሎ የሚጽፍ በመካከላቸው ይገኛል ተብሎ አይታሰብም። እንዲህም ኾኖ ትላንት ይሠራ የነበረ ነገር በዐዲሱ እትም መሥራት የሚተውበት ጊዜ አለ። ይህንን ሪግሬሽን ይሉታል፤ ወደ ኋላ መመለስ ማለት ነው። ከሌላው ስሕተት የሚከፋበትም ምክንያት አለው። ከመጀመሪያው ያልሠራን ነገር ማንም አልተማመነበትም፤ ሠርቶ በነበረው ላይ ግን ሰው ቤቱን ሠርቶበታል።

እንግዲህ ከ10,000 ለውጥ ውስጥ ጥፋቱን ያመጣው የትኛው እንደ ኾነ እንዴት ይታወቃል? ጥርጥር የሚመራው ሰው «ይህ ጸሐፊ ቸኳይ ነው፤ የእርሱ ሥራ ሳይኾን አይቀርም» ብሎ ይጀምራል። ዘዴው ግን ከዚህ ይለያል። ከምንጩ ጠርቶ የወጣ ውሃ ከከተማ ሲደርስ ደፍርሶ ቢገኝ፣ ሞኝ ሰው ከምንጩ ጀምሮ በየርምጃው እየቀመሰ ይወርዳል፤ ብልኅ ሰው ግን ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ቆሞ ይቀምሳል። በዚያ ጥሩ ከኾነ የላይኛውን እኩሌታ በሙሉ ይተወዋል፤ ደፍርሶ ካገኘው ደግሞ የታችኛውን ይተወዋል። በቀረውም እኩሌታ መካከል ገብቶ ዳግመኛ ይቀምሳል። የከርነል ፈላጊም እንዲሁ ያደርጋል። በእጁ ኹለት ነገር ብቻ ይዞ ይነሣል፤ አንደኛው ደኅና እንደ ነበረ በርግጥ የሚያውቀው አሮጌ እትም ነው፤ ኹለተኛው ብልሹ መኾኑን በርግጥ የሚያውቀው ዐዲስ እትም ነው። ከኹለቱ መካከል ያለውን እትም አዘጋጅቶ ኮምፒዩተሩን በእርሱ ያስነሣል፤ ከዚያም ከኹለት ቃል አንዱን ይመልሳል፤ «ደኅና» ወይም «ብልሹ»።

የዚህ ጥበብ ትርፉ በቍጥር ይገለጣል። 10,000 በእኩሌታ ሲከፈል 5,000፣ ያም 2,500፣ ያም 1,250 እያለ ይወርዳል፤ በዐሥራ አራተኛው ጥያቄ አንድ ብቻ ይቀራል። አንዱን እትም ማዘጋጀትና መፈተን ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ፣ ኹሉን በተራ የሚፈትን ሰው ሌሊትና ቀን ሳያርፍ ከ200 ቀን በላይ ይደክማል፤ በእኩሌታ የሚፈትነው ግን በሰባት ሰዓት ይጨርሳል። ለውጡ እጥፍ ኾኖ 20,000 ቢደርስ እንኳ የሚጨመርበት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

ይህ ሊኾን የቻለው ግን ያለፈው ኹሉ ሳይጠፋና ሳይፋቅ ስለ ተጠበቀ ነው። በ2005 ዓመት በአፕሪል ወር ቶርቫልድስ ራሱ ጊት የተባለውን የለውጥ መዝገብ ጻፈ፤ በእኩሌታ የመፈለጊያውም ዘዴ በዚያው ዓመት ገባበት። በመዝገቡ ውስጥ ለእያንዳንዱ ለውጥ የጸሐፊው ስም፣ ቀኑ፣ የተለወጠበት ምክንያትና ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ ማኅተም አለው። በእያንዳንዱም ማኅተም ውስጥ ከእርሱ በፊት የነበረው ማኅተም ዐብሮ ተሰልቷል፤ ስለዚህ አንድ ሰው የድሮውን መስመር በስውር ቢለውጥ ከዚያ በኋላ ያለው ማኅተም ኹሉ ይፋለስበታል። ጥፋቱን መፋቅ የሚችል ሰው በሌለበት ስፍራ ጥፋቱን መፈለግ ይቻላል። ያለፈውን እያሳመረ የሚጽፍ ማኅበር ግን የወደቀበትን ቀን አያገኘውም፤ በመዝገቡ ላይ ወድቆ አያውቅምና።

በዚህ ዘዴ ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ፈላጊው የከርነሉን ጽሕፈት ማንበብ አያስፈልገውም። «ድምፁ ይሰማል፤ አይሰማም»፣ «መስኮቱ ይከፈታል፤ አይከፈትም» ብሎ በእውነት መመስከር ብቻ ይበቃዋል። ሊቃውንቱ ብዙ ቀን ተከራክረው ያላገኙትን፣ ፊደላቸውን የማያውቀው ሰው ዐሥራ አራት ጊዜ እውነቱን ተናግሮ ያገኘዋል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ዕውቀት ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ጥፋቱን ለማረም ዕውቀት ያስፈልጋል። ነገር ግን ጥፋቱን ለማግኘት ከዕውቀት አስቀድሞ ታማኝነት ያስፈልጋል።

ታማኝነቱ ግን ቀላል አይደለም። ዘዴው የሚሰጠውን መልስ ኹሉ ያምናል፤ አይከራከርም፤ አይጠራጠርም። ፈላጊው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ተሳስቶ ብልሹውን «ደኅና» ቢል፣ ጥፋቱ ያለበት እኩሌታ በሙሉ ይጣላል፤ ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሦስት ጊዜ እውነቱን ቢናገር እንኳ የሚደርሰው ከንጹሕ ሰው ሥራ ላይ ነው። ዐሥራ ሦስት እውነት አንዱን ሐሰት አያቃናም። እንዲያውም መልሶቹ ኹሉ ቅን ስለ ኾኑ የተሳሳተው ፍርድ የተረጋገጠ ይመስላል። በሰው ሸንጎም የሚኾነው ይኸው ነው። የመጀመሪያው ምስክር ሲሳሳት ተከታዮቹ ያዩትን ቢናገሩ እንኳ በተሳሳተው በር ገብተው ይናገራሉ።

ከኹሉ የሚያስቸግረው ደግሞ አንድ ጊዜ ታይቶ አንድ ጊዜ የሚሰወር ጥፋት ነው። ጥፋቱ ከኹለት ጊዜ አንዱን ብቻ የሚታይ ቢኾን፣ አንድ ጊዜ ፈትኖ «ደኅና ነው» የሚል ሰው የተናገረው የገጠመውን እንጂ ያወቀውን አይደለም። ዐምስት ጊዜ ፈትኖ ዐምስቱንም ጊዜ ደኅና ቢያገኘው እንኳ ከ32 አንድ እጅ የመሳሳት ዕድል ይቀርበታል። «ብልሹ» ለማለት አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል፤ «ደኅና» ለማለት ግን ብዙ ጊዜ መታገሥ ያሻል። ብዙ ሰው በባልንጀራው ላይ የሚፈርደው በተገላቢጦሽ ነው፤ አንድ ቀን መልካም ስላየበት ለዘወትር ያምነዋል።

ስለዚህ ጠንቃቃ ፈላጊ ሦስት ሥርዓት ይጠብቃል። አንደኛ፣ ከእትሙ በቀር ሌላ ነገር አይለውጥም፤ ኹለት ነገር ዐብሮ የለወጠ ሰው የቱ እንደ መለሰለት አያውቅምና። ኹለተኛ፣ መካከለኛው እትም በሌላ ምክንያት ጨርሶ አልነሣ ቢለው «ደኅና» ወይም «ብልሹ» ብሎ አይገምትም፤ «ይህ ይለፈኝ» ይላል። ዘዴውም ለዚህ ቃል ስፍራ አለው፤ ጎረቤት የኾነውን እትም አምጥቶ ይጠይቀዋል። «አላውቅም» ማለትን እንደ ነውር የማይቈጥር ችሎት ዕድለኛ ነው። ሦስተኛ፣ በመጨረሻ የተገኘውን ለውጥ ብቻውን ከብልሹው እትም ላይ ያነሣና ጥፋቱ ዐብሮ ይነሣ እንደ ኾነ ያያል። ይህን ሳያደርግ የጸሐፊውን ስም አይጠራም።

እስከዚህ የተነገረው ዘዴው ሲሳሳት ነው። የሚከብደው ጥያቄ ግን ዘዴው ሳይሳሳት የሚመጣው ነው። መልሶቹ ኹሉ እውነተኛ ቢኾኑ፣ ማረጋገጫውም ቢደረግ፣ የተገኘው ለውጥ በርግጥ በደለኛ ነውን? በ2019 ዓመት የኾነው ታሪክ ለዚህ መልስ ይሰጣል።

በዚያ ዓመት 5.3 የተባለው እትም ሊወጣ ሲዘጋጅ፣ ከሠራተኞቹ አንዱ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ መካከል ላይ ቆሞ የመግቢያውን መስኮት ሳያሳይ የሚቀር ኾኖ አገኘው። በእኩሌታ እየከፈለ ፈልጎም ከአንድ ለውጥ ላይ ደረሰ። ለውጡ ግን ከመስኮቱ ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም፤ ኤክስት4 በሚባለው የዲስክ አያያዝ ክፍል የተጻፈ ነበር። ያደርገው የነበረውም መልካም ሥራ ነው፤ ተበታትነው ወደ ዲስኩ ይሄዱ የነበሩትን ጥያቄዎች በአንድነት አሰባስቦ ይልካቸዋል፤ የዲስኩንም ድካም ይቀንሳል። ታዲያ ዲስክን ያሳረፈ ሥራ መስኮትን እንዴት ይዘጋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ምስጢር ለመቈለፍ ማንም አስቀድሞ ሊገምተው የማይችል ቍጥር ያስፈልገዋል። እርሱ ግን የታዘዘውን ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ስለ ኾነ ከራሱ ዕጣ ማውጣት አይኾንለትም። ስለዚህ ከርነሉ በውጭ ከሚኾነው ነገር ይለቅማል፤ የቁልፍ ሰሌዳው የተመታበትን ቅጽበት፣ ዲስኩ «ጨረስሁ» ያለበትን ቅጽበት እየመዘገበ ከመለዋወጣቸው የማይገመተውን ያጠራቅማል። ኮምፒዩተሩ ገና ሲነሣ ይህ ጐተራ ባዶ ነው። በ2012 ዓመት ተመራማሪዎች በዓለም መረብ ላይ ያሉ ብዙ መሣሪያዎች ጐተራቸው ሳይሞላ ቍልፍ ስላወጡ አንድ ዐይነት ቍልፍ ይዘው እንደ ተገኙ ገለጡ፤ አንድ ቍልፍ የብዙ ሰው ቤት የሚከፍት ከኾነ ደግሞ ቍልፍ አይባልም። በ2014 ዓመት በወጣው በ3.17 እትም ከርነሉ አንድ ዐዲስ በር ተሠራለት፤ በዚያ በር ቍጥር የሚጠይቅ ፕሮግራም ጐተራው እስኪሞላ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። ይህም ጥበቃ ምክንያት ያለው ነበር።

በ2019 ዓመት የኾነው እንግዲህ ይህ ነው። የዲስኩ ጥያቄ በመሰብሰቡ ዲስኩ «ጨረስሁ» የሚልበት ጊዜ አነሰ፤ ይህ ሲያንስ ወደ ጐተራው የሚገባው አነሰ፤ ጐተራው አልሞላም። የመግቢያውን መስኮት የሚያዘጋጁት ፕሮግራሞች በዚያ በር ቍጥር ጠይቀው ቆሙ። እነርሱ በመቆማቸው ኮምፒዩተሩ ጸጥ አለ፤ ጸጥ በማለቱም ለጐተራው የሚገባ ነገር ጨርሶ ታጣ። ጠባቂው ተጠባቂውን፣ ተጠባቂውም ጠባቂውን ይዞ ቀረ።

በደሉ የማን ነው? የዲስኩ ጸሐፊ የታሰበውን ብቻ ሠራ፤ ያውም በሚገባ። የበሩ ጸሐፊ ምስጢርን ጠበቀ። የመስኮቱ ፕሮግራም የተፈቀደለትን በር አንኳኳ። ሦስቱም በየሕጋቸው ጸንተው ቆመዋል፤ ሦስቱም ሲገናኙ ግን ቤቱ ተዘጋ። ዘዴው የጠቈመው ከሦስቱ አንዱን፣ በመጨረሻ የመጣውን ብቻ ነው፤ የጠቈመውም በእውነት ነው፤ እርሱ ሲነሣ ጥፋቱ ዐብሮ ይነሣልና። ይኹን እንጂ ያ ለውጥ ጥፋቱን አልወለደውም፤ ገለጠው እንጂ። ጥፋቱ ከዓመታት በፊት ተወልዶ፣ ዲስኩ ብዙ በመድከሙ ብቻ ተሸፍኖ ይኖር ነበር። አሮጌ ግድግዳ በአጠገቡ ባለ የእንጨት ክምር ተደግፎ ኖሮ፣ ግቢውን ያጸዳ ሰው ክምሩን ሲያነሣ ቢወድቅ፣ ግድግዳው የወደቀው በጽዳቱ ቀን ነው፤ የዘመመው ግን በጽዳቱ ቀን አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በዚህ ላይ ኹለት ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው እንዲህ ይላል፤ «መልካም ሥራ በሌላው ጥፋት ሊፈርስ አይገባም፤ ፍርድ ማለት ለንጹሑ መፍረድ ነውና። በጎ የሠራው ቢቀጣ ነገ በጎ የሚሠራ አይገኝም፤ የተሰወረውም ጥፋት ተሰውሮ ይቀራል»። ኹለተኛው ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «ኮምፒዩተሩ ያልነሣለት ሰው ስለ ዲስክም ስለ ጐተራም አልተጠየቀም፤ እርሱ የሚያውቀው ትላንት ይሠራ እንደ ነበረ ነው። ሠሪዎቹ እስኪፋረዱ ድረስ እርሱ ለምን ይጕላላ?»። ኹለቱም እውነት ነው፤ ችግሩም ኹለቱ እውነት በአንድ ቀን መምጣታቸው ነው።

በሊኑክስ ሠሪዎች ዘንድ ለዚህ ከቀድሞ የቆመ ሕግ አለ፤ ይኸውም በከርነሉ ላይ ተማምኖ ይሠራ የነበረውን ፕሮግራም ማሰናከል አይፈቀድም የሚል ነው። በ2012 ዓመት በዲሴምበር ወር አንድ ጠባቂ በከርነሉ ለውጥ ምክንያት የተሰናከለውን ፕሮግራም በደለኛ ባደረገ ጊዜ፣ ቶርቫልድስ በቍጣ ገሥጾ ጥፋቱ የከርነሉ እንጂ የፕሮግራሙ እንዳይደለ ጻፈለት። ሕጉ ቅን ነበር፤ ንግግሩ ግን ሻካራ ነበር። በ2018 ዓመት በሴፕቴምበር ወር እርሱ ራሱ ስለ ንግግሩ ሻካራነት በአደባባይ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ገለል አለ። ሰውን ማዋረድ የሕጉ ክፍል እንዳልነበረ፣ ሕጉ ከዚያ በኋላ ጸንቶ መኖሩ ያስረዳል።

በሴፕቴምበር 15 ቀን 2019 ዓመት 5.3 በወጣ ጊዜ ፍርዱ እንዲህ ኾነ። የዲስኩ ለውጥ በመጨረሻው ሰዓት ተነሣ። ነገር ግን ቶርቫልድስ እትሙን ባስታወቀበት መልእክት፣ የተነሣው ሥራ ስሕተት እንዳልነበረበት፣ ያሰበውንም እጅግ አሳምሮ እንደ ፈጸመ፣ እንዲያውም አሳምሮ ከመፈጸሙ የተነሣ በሌላ ስፍራ የነበረውን እውነተኛ ጥፋት እንደ ገለጠ አስታወቀ። ነገሩም በዚህ አልቀረም። በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ከርነሉ የሌላውን እንቅስቃሴ እስኪያገኝ ዝም ብሎ ከመጠበቅ ይልቅ፣ የራሱን ሥራ ቅጽበት እየለካ ከመለዋወጡ ጐተራውን በራሱ እንዲሞላ ተደረገ። ሥሩ በዚህ ከታረመ በኋላ የተነሣው የዲስክ ለውጥ ወደ ስፍራው ተመለሰ፤ በኖቬምበር 24 ቀን 2019 ዓመት በወጣው በ5.4 እትምም ኹለቱ ዐብረው ወጡ።

ይህ ታሪክ ሦስት ነገር ለይቶ ያሳያል፤ ሰው ግን ሦስቱን እያደባለቀ ይሳሳታል። የመጀመሪያው ጥፋት የታየበት ቀን ነው፤ ኹለተኛው ጥፋት የተወለደበት ሥር ነው፤ ሦስተኛው ጥፋቱን የመሸከም ግዴታ ነው። ዘዴ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ነው። ኹለተኛውን የሚያገኘው፣ ዘዴው ከጠቈመው ስፍራ ተነሥቶ «ይህ ለምን ይህን አመጣ?» እያለ ወደ ኋላ የሚሄድ ማስተዋል ነው። ሦስተኛው ግን በምርመራ አይገኝም፤ በቃል ኪዳን የታወቀ ነው። «ከእኔ ጋር የሠራ አይሰናከልም» ያለ ሰው፣ በደለኛ ባይኾንም እንኳ ሸክሙን ይሸከማል።

የዲስኩ ለውጥ መነሣቱ ስለዚህ ቅጣት አይደለም። ቅጣት ቢኾን ግፍ በኾነ ነበር። እርሱ የተነሣው በደለኛ ስለ ኾነ ሳይኾን ከኹሉ ይልቅ ቀሎ የሚነሣ እርሱ ስለ ነበረ ነው፤ የመግቢያውን በር መክፈት ጊዜ አይሰጥም፤ ሥርን መንቀል ግን ጊዜ ይፈልጋል። ንጹሑ ለጥቂት ቀን ገለል ብሎ ቤቱ ተከፈተ። ይህ ግፍ የማይኾነው ግን በኹለት ነገር ብቻ ነው፤ ንጹሕ መኾኑ በአደባባይ ሲነገርና ሥሩ ታርሞ ወደ ስፍራው ሲመለስ ነው። ከኹለቱ አንዱ ቢጐድል ሌባሻይ የጣለው ዕዳ ይኾናል። በብዙ ማኅበር ውስጥ የሚደረገው ሲታይ ሰውን ገለል ማድረጉ ይፈጥናል፤ ንጽሕናው ግን ሳይነገር ይቀራል፤ ሥሩም አይፈለግም፤ የተነሣውም አይመለስም። ግድግዳው ግን በሌላ ክምር ተደግፎ እንደ ዘመመ ይኖራል።

«በመጨረሻ የመጣው እርሱ ነው» ማለት እውነት ሊኾን ይችላል፤ ነገር ግን ይህ የፍርዱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ዐሥራ አራት ጊዜ በእውነት የመሰከረ ፈላጊ ከትክክለኛው ደጅ አድርሷል፤ ደጁን ከፍቶ ማን እንዳለ ማየት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ከደጅ ሲደርስ የሚጮኽ ብዙ ነው፤ ገብቶ የሚያይ ጥቂት ነው፤ ገብቶ ካየ በኋላ ባለቤቱ ንጹሕ እንደ ኾነ ወጥቶ ለጮኸው ኹሉ የሚናገር ግን ከጥቂቱም ጥቂት ነው።